በአንድ እግር ላይ የተወጠረ ቀስት፦ “ናታራጃሳና” በፊዚክስና በአካል አሠራር ዓይን

ንባቡን ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ቀላል ሙከራ እንድታደርጉ እንጋብዛችኋለን። ጫማችሁን አውልቁና ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ ከዚያም አንዱን እግራችሁን ከመሬት ጥቂት አንሡ። አሁን በቆማችሁበት እግር ቁርጭምጭሚት ላይ አተኩሩ። ጸጥ ብዬ ቆሜያለሁ ብላችሁ ብታስቡም ቁርጭምጭሚታችሁ ለአፍታ እንኳ እንደማያርፍ ታስተውላላችሁ። ጅማቶቹ ብቅ ጥልቅ ይላሉ፤ ጣቶቹ መሬቱን ይቆነጥጣሉ፤ ክብደታችሁ ከአውራ ጣት ሥር ወደ ተረከዝ፣ ከተረከዝም ወደ ውጭኛው የእግር ጠርዝ ይንሸራሸራል። በዚህ ላይ የተነሣውን እግር ከኋላ በእጅ ይዞ ወደ ላይ መሳብ፣ ደረትን ወደ ፊት መግፋትና ጀርባን እንደ ቀስት መለመጥ ቢጨመርበት ምን ሊሆን እንደሚችል ገምቱ። በዮጋ ትምህርት “ናታራጃሳና” የሚባለው አቋቋም ይህ ነው።

ይህን አቋቋም ለሳይንስ መጽሔት የሚመጥን ርእስ ያደረገው ውበቱ አይደለም። ሁለት እርስ በርስ የሚቃረኑ የሚመስሉ ተግባራት፣ ማለትም ሚዛን መጠበቅና ወደ ኋላ መለመጥ፣ በአንድ ጊዜ እንዲከናወኑ የሚጠይቅ በመሆኑ ነው። ፎቶግራፉን አይቶ የሚሞክር ወጣት ጉዳዩ የሰውነት መተጣጠፍ ብቻ ይመስለዋል፤ ስለዚህም እግሩን በኃይል ይስባል። ሆኖም እንደምናየው ፎቶግራፉ ጎልቶ የማያሳየው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የግንዱ (የላይኛው ሰውነት) ጥቂት ወደ ፊት ማዘንበል ነው። ይህ ማዘንበል ሲጠፋ በመጀመሪያ ሚዛኑ፣ ቀጥሎም ወገቡ ይጎዳል።

ስሙና ምንጩ

“ናታራጃሳና” ከሦስት የሳንስክሪት ቃላት የተገጣጠመ ነው። “ናታ” ዳንሰኛ፣ “ራጃ” ንጉሥ፣ “አሳና” ደግሞ አቀማመጥ ወይም አቋቋም ማለት ነው። የዳንሰኞች ንጉሥ የሚባለው በሂንዱ እምነት ሺቫ ሲሆን፣ በእሳት ክበብ ውስጥ ሲደንስ የሚያሳየው የነሐስ ምስሉ በደቡብ ሕንድ በቾላ ነገሥታት ዘመን፣ በተለይም በ10ኛውና በ11ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከፍተኛ የጥበብ ደረጃ ላይ ደርሷል። የሕንድ መንግሥት ሁለት ሜትር ያህል ቁመት ያለውን የዚህን ምስል ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2004 ጄኔቫ አጠገብ ለሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት (ሰርን) በስጦታ አበርክቷል፤ የፊዚክስ ተማሪዎች ከዚያ የተነሡ ፎቶግራፎችን አይታችሁ ይሆናል።

ነገር ግን ምስሉን በጥንቃቄ የተመለከተ ሰው አንድ ልዩነት ማግኘቱ አይቀርም። በነሐሱ ምስል ላይ የተነሣው እግር በፊት በኩል ተሻግሮ ይታያል እንጂ ወደ ኋላ አልተሳበም። እግርን ከኋላ ወደ ላይ የሚያነሡ አቋቋሞች የሚገኙት ይልቁንም በታሚል ናዱ ግዛት በቺዳምባራም ቤተ መቅደስ በሮች ላይ በድንጋይ ከተቀረጹት 108 የዳንስ እንቅስቃሴዎች መካከል ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ የተባለው የታወቀ የዮጋ መጽሐፍ 15 አቋቋሞችን ብቻ የሚዘረዝር ሲሆን ከእነርሱ አንዱም በአንድ እግር የሚቆሙበት አይደለም። ናታራጃሳና ዛሬ በምናውቀው መልኩ በስፋት የታወቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ለዚህም የሕንዳዊው መምህር ቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር እ.ኤ.አ. በ1966 የታተመው “ላይት ኦን ዮጋ” የተሰኘ መጽሐፍ ከፍተኛ ድርሻ አለው። እንግዲህ አቋቋሙ “የሺህ ዓመታት ጥበብ” እየተባለ ሲነገር የምንሰማው ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ማስታወቂያ ነው ማለት ይቻላል።

የሁለት ክብደቶች ስምምነት

አንድ አካል ሳይወድቅ እንዲቆም ከስበት ማዕከሉ ወደ ታች የሚወርደው መሥመር ከድጋፍ መሠረቱ ውስጥ ማረፍ እንዳለበት በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ተምራችኋል። በሁለት እግር ስንቆም የድጋፍ መሠረታችን ሁለቱን ውስጥ እግሮችና በመካከላቸው ያለውን ቦታ በሙሉ ያጠቃልላል። በአንድ እግር ስንቆም ግን የሚቀረን ርዝመቱ 25፣ ስፋቱ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አንድ ጠባብ መሬት ብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሰዓታት ሙሉ የሚቆሙ አባቶች መቋሚያቸውን የሚደገፉት፣ ከብት ጠባቂም በአንድ እግሩ ቆሞ ሲያርፍ ዘንጉን መሬት ላይ የሚተክለው ይህ መሬት ሰፋ እንዲልላቸው ነው። አንድ ዘንግ ከእግር ግማሽ ሜትር ርቆ ሲተከል የድጋፍ መሠረቱ ብዙ እጥፍ ይሰፋል። ናታራጃሳና ዘንግ የለውም።

ክብደቱ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ተማሪ እንውሰድ። የአካል መካኒክስ ባለሙያዎች በሚጠቀሙባቸው ሠንጠረዦች መሠረት የአንድ ሰው አንድ ሙሉ እግር ከአጠቃላይ ክብደቱ 16 በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ ግንዱ፣ ጭንቅላቱና ሁለት እጆቹ በአንድ ላይ 68 በመቶ ያህል ናቸው። ስለዚህ የተማሪያችን እግር 9.7 ኪሎ፣ የላይኛው ሰውነቱ ደግሞ 41 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እግሩን ወደ ኋላ ሲያነሣ የእግሩ የስበት ማዕከል ከቆመበት ውስጥ እግር መካከል 34 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢርቅ፣ የሚፈጠረው ሞመንት 9.7 ሲባዛ በ34፣ ማለትም 330 ያህል ነው (ስበቱ በሁለቱም ወገን እኩል ስለሆነ ከስሌቱ አውጥተነዋል)። ይህንን ለማካካስ 41 ኪሎው ምን ያህል ወደ ፊት መሄድ አለበት? 330 ለ41 ሲካፈል 8 ሴንቲ ሜትር። የቆመበት እግር ራሱ ከመሬቱ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው ብለን ለስሌቱ ቀላልነት ትተነዋል።

ስምንት ሴንቲ ሜትር ብዙ አይደለም፤ ዓይንም ላያስተውለው ይችላል። ግንዱ ወደ ፊት ሳያዘነብል ቢቀር ግን የመላው ሰውነት የስበት ማዕከል 5.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ተረከዝ ይጠጋል። ከፊት ያለው ነፃ እጅ ወደ ፊት የሚዘረጋውም ለጌጥ አይደለም፤ ሦስት ኪሎ ያህል የሚመዝነው ክንድ ረጅም ርቀት ላይ ሲሆን የማካካሻውን ሥራ ይጋራል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱበትን አንድ ነጥብ ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። እጅ እግርን አጥብቆ ስለያዘ ሰውነት የሚደገፍበት ነገር ያገኘ ይመስላል። አይደለም። እጅ እግርን ሲስብ እግርም እጅን በእኩል ኃይል በተቃራኒ አቅጣጫ ይስባል፤ ሁለቱም የአንድ ሰውነት ክፍሎች ስለሆኑ ውጤታቸው ይጣፋል። በኒውተን ሕግ የስበት ማዕከልን ሊያንቀሳቅስ የሚችለው ከውጭ የሚመጣ ኃይል ብቻ ነው፤ ከስበት ሌላ ያለው የውጭ ኃይል ደግሞ መሬቱ በውስጥ እግር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ነው። የፈለገውን ያህል አጥብቆ ቢይዝ የሚወድቅ ሰው ይወድቃል፤ ልዩነቱ እግሩን ይዞ መውደቁ ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ይህን ሐቅ ከመጽሐፍ በፊት ከወለል ተምሮታል።

ይበልጥ አስቸጋሪው ግን የፊትና የኋላው ሳይሆን የግራና የቀኙ ሚዛን ነው። የእግር ስፋት 9 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በእያንዳንዱ ጎን ያለው ትርፍ ከ4.5 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። በተጨማሪም አንዱ እግር ሲነሣ የዳሌ አጥንት ድጋፍ ወዳጣው ወገን መውደቅ ይፈልጋል። ይህን የሚከለክለው በመቀመጫ ጎን የሚገኘው ግሉቲየስ ሚዲየስ የተባለ ጡንቻ ነው። ይህ ጡንቻ የሚጎትተው ከመገጣጠሚያው በጣም ቅርብ ሆኖ ሲሆን የሰውነት ክብደት ግን የሚጫነው ከእርሱ ይልቅ ራቅ ባለ ክንድ ላይ ነው፤ ስለዚህም ጡንቻው ከሰውነት ክብደት የሚበልጥ ኃይል ማመንጨት ግድ ይለዋል። የጡንቻው ጉተታና የሰውነት ክብደት ሲደመሩ በአንድ እግር በቆመ ሰው የዳሌ መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነቱ ክብደት ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ይደርሳል። ጡንቻው ደካማ ሲሆን ዳሌው ወደ ጎን እንደሚያዘነብል ሐኪሞች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ያውቃሉ፤ ምልክቱም በጀርመናዊው ቀዶ ጠጋኝ በትሬንደለንበርግ ስም ይጠራል።

መውደቅ ስንት ጊዜ ይወስዳል?

መጥረጊያን በመዳፍ ላይ አቁሞ ማመጣጠን ለልጆች የተለመደ ጨዋታ ነው። እርሳስን እንዲሁ ለማቆም የሞከረ ግን አልተሳካለትም። ምክንያቱ የተገለበጠ ፔንዱለም የሚወድቅበት ፍጥነት በቁመቱ ላይ ስለሚመሠረት ነው። የጊዜው መለኪያ የስበት ማዕከሉ ከፍታ ለስበት ፍጥነት ጭማሪ (9.8) ተካፍሎ የሚገኘው ውጤት ካሬ ሥር ነው። የስበት ማዕከሉ በ90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ለሆነ ሰው ይህ 0.3 ሴኮንድ ሲሆን፣ ለእርሳስ ግን 0.1 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው።

እንግዲህ ተማሪያችን በአንድ እግሩ ቆሞ ሳለ የስበት ማዕከሉ ከሚዛን ነጥቡ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ፈቀቅ አለ እንበል። ምንም እርማት ካልተደረገ ስሕተቱ ከ0.3 ሴኮንድ በኋላ 1.5 ሴንቲ ሜትር፣ ከ0.6 ሴኮንድ በኋላ ደግሞ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከእግሩ ጠርዝ ላይ መድረሱ ነው። ከቁርጭምጭሚት የተነሣ መልእክት ወደ አንጎል ደርሶ ትእዛዝ ይዞ እስኪመለስ 0.1 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በዓይን በኩል የመጣ መረጃ ወደ እንቅስቃሴ እስኪለወጥ ደግሞ 0.2 ሴኮንድ ገደማ። ስለዚህ አንጎል ለማረም ያለው ዕድል ጥቂት ነው። ስሕተቱ ሲደርስ እየጠበቀ የሚያርም ከሆነ ሁልጊዜ ይዘገያል፤ በመሆኑም ሴሬቤለም (ንዑስ አንጎል) የሚመጣውን መዛነፍ አስቀድሞ መገመት አለበት። ልምምድ የሚለውጠው የጡንቻን ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ይህንን የመገመት ችሎታም ጭምር ነው።

ለግምቱ የሚያስፈልገው መረጃ ከሦስት ምንጮች ይመጣል። የመጀመሪያው ዓይን ነው። ሁለተኛው በውስጠኛው ጆሮ የሚገኙት ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎችና ኦቶሊት የተባሉ ጥቃቅን የካልሲየም ጠጠሮችን የያዙት ሁለት ከረጢቶች ናቸው፤ ቱቦዎቹ የጭንቅላትን መዞር፣ ከረጢቶቹ ማዘንበሉን ይለካሉ። ሦስተኛው በጡንቻዎች፣ በጅማቶችና በውስጥ እግር ቆዳ ውስጥ የተሠራጩት የመሳሳብና የግፊት ተቀባዮች ናቸው።

በመጀመሪያ ያደረግነውን ሙከራ አሁን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ድገሙት፤ ግድግዳ አጠገብ መሆኑን ግን አትርሱ። ዓይን ተገልጦ አንድ ደቂቃ ያህል መቆም የማይከብደው ጤነኛ ወጣት፣ ዓይኑ ሲጨፈን ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ እግሩን ያወርዳል። የዮጋ መምህራን “ድሪሽቲ” እያሉ በአንድ ነጥብ ላይ አተኩሩ የሚሉት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ነጥቡ በጣም ሩቅ ባይሆን ይመረጣል፤ ሁለትና ሦስት ሜትር ላይ ያለ ነገር ሰውነት ሲወዛወዝ በዓይን ውስጥ የሚያሳየው መንሸራተት ከሩቁ ተራራ ይበልጣልና።

ናታራጃሳና ሙሉ ቅርጹን ሲይዝ ታዲያ ጭንቅላት ወደ ኋላ ይቀለበሳል። ይህ ኦቶሊቶቹን ከለመዱት አቅጣጫ ያወጣቸዋል፤ ዓይንም ከፊት የነበረውን ነጥብ ትቶ ጣሪያ ያያል። አቋቋሙ ከሦስቱ ምንጮች ሁለቱን በራሱ ያዳክማል ማለት ነው። ስለዚህ በዮጋ ከተለመዱት ሌሎች የአንድ እግር አቋቋሞች ይልቅ ይህ የከበደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጀማሪም ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ፊት ቢመለከት ያዋጣዋል።

በአንድ እግር መቆም መቻል በዮጋ አዳራሽ ብቻ የሚፈለግ ችሎታ አለመሆኑንም እናስታውስ። በብራዚል ከ51 እስከ 75 ዓመት ዕድሜ ባላቸው 1702 ሰዎች ላይ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ከአምስቱ አንዱ ያህል ለ10 ሴኮንድ በአንድ እግር መቆም እንዳልቻሉና በእነዚህ ሰዎች ላይ በቀጣዮቹ ዓመታት የታየው የሞት መጠን ከፍ ያለ እንደነበር አሳይቷል። ይህ ተዛማጅነት እንጂ መንሥኤነት አይደለም፤ ሚዛን ያጣ ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ሕመምም አለበት። ያም ሆኖ ሚዛን የአያሌ የአካል ክፍሎች የጋራ ሥራ መሆኑን ጥናቱ በግልጽ ያመለክታል።

የማዕዘን ሒሳብ

አሁን ወደ መለመጡ እንምጣ። ቆሞ ጭኑን ከኋላው ከመሬት ጋር ትይዩ እስኪሆን ያነሣ ሰው ጭኑን 90 ዲግሪ አዙሯል። ይህ 90 ዲግሪ ከየት ይመጣል? ከዳሌ መገጣጠሚያ ነው የሚል መልስ ሊቀናን ይችላል፤ ግን የዳሌ መገጣጠሚያ ጭንን ወደ ፊት ከ120 ዲግሪ በላይ እንደሚያጥፍ ሁሉ ወደ ኋላ የሚፈቅደው 20 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ከፊት በኩል ኢሊዮፌሞራል የተባለው፣ በሰውነታችን ካሉት የአጥንት ማያያዣ ጅማቶች ሁሉ እጅግ ጠንካራ የሆነው ጅማት አጥብቆ ይይዘዋል። ይህ ጅማት ጡንቻዎቻችን ብዙ ሳይደክሙ ቀጥ ብለን እንድንቆም የሚያስችለን ስለሆነ ልናማርረው አይገባም።

የቀረው 70 ዲግሪ የሚገኘው የዳሌ አጥንት በሙሉ በቆመው እግር ላይ ወደ ፊት ሲያዘነብል ነው። ዳሌ ሲያዘነብል ግን በላዩ ያለው ግንድም አብሮት ወደ ፊት ይደፋል። ደረትን መልሶ ቀና ለማድረግ አከርካሪው ወደ ኋላ መለመጥ ይኖርበታል። አምስቱ የወገብ አንጓዎች በአንድነት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ፣ አሥራ ሁለቱ የደረት አንጓዎች ደግሞ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ያህል ይሰጣሉ። የደረቶቹ በቁጥር ከእጥፍ በላይ ሆነው ያነሰ የሚሰጡት የጎድን አጥንቶች ስለሚያስሯቸውና ከኋላ የሚወጡት ሹል አጥንቶቻቸው እንደ ጣሪያ ክዳን ስለሚደራረቡ ነው። ድምሩ በጥሩ ሁኔታ 50 ዲግሪ ይሆናል። ሰባ ተደፍቶ ሃምሳ ቢቃና 20 ዲግሪ ያዘነበለ ግንድ ይቀራል። (ቁጥሮቹ ከሰው ሰው ይለያያሉ፤ ሒሳቡ ግን ለሁሉም ያው ነው።)

ይህ የቀረው 20 ዲግሪ ጉድለት አይደለም። የላይኛውን ሰውነት የስበት ማዕከል ወደ ፊት የሚያሻግረው፣ ቀደም ሲል በኪሎና በሴንቲ ሜትር ያሰላነውን ማካካሻ የሚሰጠው እርሱ ነው። ሚዛኑና መለመጡ የሚታረቁት እዚህ ላይ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሒሳቡን ለማጭበርበር ሲሞከር ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚያጠና ተማሪ ከጭኑ ፊት ያሉት ጡንቻዎች ያጠሩ ስለሚሆኑ ዳሌው 20 ሳይሆን 10 ዲግሪ ብቻ ይሰጠው ይሆናል። ደረቱም ጎብጦ የለመደ ነው። ሁለቱ ያልከፈሉትን ዕዳ ወገብ እንዲከፍል ይገደዳል፤ በተለይም አራተኛውና አምስተኛው የወገብ አንጓዎች። ሌላው ማጭበርበሪያ ዳሌውን ወደ ጎን መክፈት ነው፤ እግሩ ከፍ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን የተለመጠው ወገብ በተጨማሪ ይጠመዘዛል።

በእያንዳንዱ የወገብ አንጓ ጀርባ፣ በላይኛውና በታችኛው መገጣጠሚያ መካከል፣ አንድ ቀጭን የአጥንት ድልድይ አለ። ወገብ ደጋግሞ ወደ ኋላ ሲለመጥ፣ በተለይም መጠምዘዝ ሲታከልበት፣ ጫናው በዚህ ድልድይ ላይ ያርፋል። ሽቦ ደጋግሞ ሲታጠፍ እንደሚሰበር ሁሉ ይህም አጥንት ቀስ በቀስ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሐኪሞች ስፖንዲሎሊሲስ የሚሉት ይህ ጉዳት በጂምናስቲክ ስፖርተኞች፣ ወደ ውኃ በሚወረወሩ ዋናተኞችና በክሪኬት ፈጣን ኳስ ወርዋሪዎች ላይ ጎልቶ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰውም በአምስተኛው የወገብ አንጓ ላይ ነው። የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ብዙዎቻችሁ አጥንታችሁ ገና በማደግ ላይ ባለበት ዕድሜ ስለምትገኙ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከታችኋል። ወደ ኋላ ስትለመጡ የሚብስ፣ በወገብ አንድ ጎን የሚሰማ ሕመም ካለ ልምምዱን አቁሞ ሐኪም ማማከር እንጂ “ሲፈታ ይለቀኛል” ብሎ መግፋት አይገባም። የተወጠረ ጡንቻ ስሜትና የአጥንት ሕመም የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው በጭን ፊት ሰፋ ብሎ ይሰማል፣ ሁለተኛው በጣት ሊጠቆም የሚችል ነው።

ለመማር የሚፈልግ

እንዲህ ያለውን አቋቋም በሳምንት መቆጣጠር አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ልምምዱ ሒሳቡን ተከትሎ ቢሄድ መልካም ነው፤ በቅድሚያ ዳሌውን፣ ቀጥሎ ደረቱን፣ በመጨረሻ ወገቡን። አንዱን ጉልበት መሬት ላይ አሳርፎ ዳሌን ወደ ፊት በመግፋት የጭን ፊት ጡንቻዎችን ማሳሳብ፣ በሆድ ተኝቶ ደረትን ቀስ ብሎ ከመሬት ማንሣት፣ በአንድ እግር ቆሞ ሌላውን ውስጥ እግር በጭን ላይ ማሳረፍ የመጀመሪያ ደረጃዎች ናቸው። በሳምንታት ልምምድ መለመጡ የሚጨምረው ጡንቻው በመርዘሙ ብቻ አይደለም፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአብዛኛው የሚለወጠው የነርቭ ሥርዓቱ መሳሳብን የመታገሥ አቅሙ ነው። ስለዚህም ሲያቋርጡ ቶሎ ይመለሳል።

ከዚያ በኋላ አንድ እጅ ግድግዳ ላይ አድርጎ፣ በሌላው የተነሣውን እግር ቁርጭምጭሚት ይዞ መጀመር ይቻላል። እጅ እግሩ ላይ ካልደረሰ ቀበቶ ወይም ረዘም ያለ ጨርቅ በእግሩ ዙሪያ አልፎ ጫፉን መያዝ ይበጃል። እግሩን በእጅ ወደ ላይ ከመጎተት ይልቅ እግሩን ወደ ኋላ ወደ እጁ መግፋት ይሻላል፤ ያኔ የመቀመጫ ጡንቻዎች ይሠራሉ፣ ትከሻም በኃይል አይጎተትም። የቆመው ጉልበት ወደ ኋላ ተቀልብሶ እንዳይቆለፍ በጣም ጥቂት ማላላት ያስፈልጋል። ሁለቱንም እጆች ከጭንቅላት በላይ አሳልፎ እግርን መያዝ የመጨረሻው ደረጃ ሲሆን፣ ትከሻቸው እስከዚያ የማይከፈትላቸው ብዙዎች ናቸው፤ የአጥንታቸው ቅርጽ ራሱ የሚከለክላቸውም አሉ። የአከርካሪ ችግር ያለባቸው፣ ቁርጭምጭሚታቸውን በቅርቡ የተጎዱና ሲቆሙ የሚያዞራቸው ሰዎች አቋቋሙን ቢተዉት ይመረጣል።

አወራረዱም እንደ አወጣጡ ነው። እግሩ በድንገት ከተለቀቀ ወደ ኋላ የነበረው 330 በቅጽበት ይጠፋል፤ ግንዱ ግን ገና ወደ ፊት ያዘነበለ ስለሆነ ሰውየው በአፍጢሙ ይደፋል። ስለዚህ እግሩ ሲወርድ ግንዱም በዚያው መጠን ቀስ ብሎ ይቃናል። ከዚያ በሌላው እግር መድገም ነው፤ ያን ጊዜ ሁለቱ እግሮቻችሁ እኩል እንዳልሆኑ ሳትገረሙ አትቀሩም። ሰዓት ይዛችሁ የእያንዳንዱን ጊዜ፣ ዓይን ተገልጦና ተጨፍኖ፣ በደብተር ብትመዘግቡ ከወር በኋላ የምታወዳድሩት ይኖራችኋል።